ውሻው ከክሊኒክ ሲወጣ የማይነገረው

ይህ በአደባባይ የሚወራ ነገር አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ በእንስሳት ሕክምና የምንሠራ ሰዎች ከሥራ ወጥተን ቡና ስንጠጣ እርስ በርሳችን የምንጨዋወተው ነው። የውሻ ባለቤቶች ቢሰሙት ኖሮ በሰፈራችን በሦስት እግሩ የሚያነክሰው ውሻ ያንስ ነበር ብዬ ስለማምን ዛሬ ሹክ ልላችሁ ነው።

እግሩን የተጎዳ ውሻ ክሊኒክ ሲመጣ ሁላችንም የምናወራው ስለ አጥንቱ ነው። ባለቤቱ "ተሰብሯል ወይስ ተርፏል?" ይላል። እኛም የምንዳስሰው፣ የምናስረው፣ ቀን የምንቆጥርለት አጥንቱን ነው። ቀኑ ሲደርስ ፋሻው ይፈታል፣ "ገጥሟል፣ ይዛችሁት ሂዱ" ይባላል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይወጣል። ውሻው ግን ያን እግር መሬት አያስነካውም። ወር ሁለት ወር ያልፋል፣ በሦስት እግሩ እየዘለለ ይኖራል፣ ሰፈሩም "አንካሳው" ብሎ ይለምደዋል። ከእነዚህ ውሾች መካከል አጥንታቸው ፍጹም ጤነኛ የሆነ ብዙዎች አሉ። የጎደላቸው ጡንቻ ነው። ጡንቻን ደግሞ ክሊኒክ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ውሻው የሚያድርበት ቤት ነው።

ለምን አይነገርም ብትሉኝ፣ ክፋት የለበትም። በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ሥራ የቆመው ለከብት ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚጠብቀን የታመመ በሬ፣ ምጥ የጠናባት ላም፣ የምታስል ፍየል ናት። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ በየዓመቱ ክትባት ይፈልጋሉ። ወደ ወልቂጤ በኩል ደግሞ ከጊቤ ሸለቆ የሚመጣው ገንዲ አለ፤ ሸለቆው በዚህ በሽታ የተነሣ ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ለዓመታት የተመራማሪዎች መዋያ ሆኖ ቆይቷል። ውሻ በዚህ ሁሉ መካከል የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ለውሻ እግር የሚሆን የራጅ መሣሪያም በየወረዳው አይገኝም፤ በእጃችን ዳስሰን ነው የምንፈርደው። ፋሻ ፈትተን ለባለቤቱ ግማሽ ሰዓት የምንሰጥበት ቀን ጥቂት ነው። "ያሳርፉት" ብለን እንሸኛለን። ማሳረፉ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሳይነገር ይቀራል።

ለጉራጌ ቤት ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። እንሰት ያለበትን ጓሮ ጃርትና የዱር አሳማ ይጎበኘዋል፤ ማታ ጅብ አለ። ልጆች ለንግድ አዲስ አበባ ገብተው እናትና አባት ብቻቸውን በቀሩበት ግቢ ውሻ ማለት ዘበኛ ነው። ጅብን በሦስት እግር ማባረር አይቻልም። መስከረም 17 ሲቃረብ፣ ወይም ለአረፋ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ፣ መንገዱ በመኪና ይሞላል፤ እኛም መኪና የገጨው ውሻ እንደሚመጣልን አውቀን እንጠብቃለን። በሌላው ጊዜ ባጃጅ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዴም እግሩ ላይ የተጠመጠመ የቃጫ ገመድ ነው።

እግር ሥራ ሲፈታ ውስጡ ምን ይሆናል? ጡንቻው በቀናት ውስጥ መክሳት ይጀምራል። ሁለቱን ጭኖች በሁለት እጃችሁ ብትይዙ ታውቁታላችሁ፤ ጤነኛው እጃችሁን ይሞላል፣ የተጎዳው አጥንቱ ይዳሰሳል። ጅማቱ ያጥራል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው፤ የኋለኞቹ 40 በመቶውን ይካፈላሉ። ስለዚህ የኋላ እግሩ የታመመበት ውሻ ክብደቱን ወደ ፊት ማዞር አይቸግረውም፤ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ልማዱ ይቀራል። ባለቤቱ "በሦስት እግሩም ቢሆን ይሮጣል እኮ" ብሎ ይደሰታል። እኛ ግን ያን ጊዜ የምናየው የቀረውን ጤነኛ የኋላ እግር ነው፤ የሁለት እግር ሥራ የሚሠራው እሱ ነውና። የአንድ ጉልበቱ ጅማት የተበጠሰበት ውሻ የሌላኛውም የመበጠስ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑ በሙያችን የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን ቡችላ ነው። የቡችላ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ከ3 ወር በታች ላለው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊበቃው ይችላል። ሙሉ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው የቡችላውን ጭን ዘርግቶ ለሁለት ወር ያስረዋል። ሲፈታ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል። እግሩ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የሳሳ ጡንቻ በሥራ ይመለሳል፤ ይህኛው ግን አንዴ ከደረቀ በኋላ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቡችላችሁ ጭኑን ከተሰበረ "መቼ ይፈታ? መቼ ላንቀሳቅሰው?" ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ጠይቁ፣ ነዝንዙን።

አሁን ስለ ወጌሻው። ወጌሻ ከእኛ በፊት ይጠራል፣ ለሰውም ለከብትም ለውሻም። እኛ ፊት ለፊት አናመሰግነውም፣ እሱም እኛን አያመሰግንም። በሹክሹክታ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወለምታን በጣቱ ጫፍ የሚለይ፣ የወጣን መገጣጠሚያ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ እጁ ከእኛ ከብዙዎቻችን የበለጠ የሚያዳምጥ ወጌሻ አለ። ችግሩ ማሰሪያው ላይ ነው። ቀርከሃ ደርድሮ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደም ያቆማል። በአገራችን የሰው ሆስፒታሎች ውስጥ እጅና እግር ከሚያስቆርጡ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጠበቀ ማሰሪያ መሆኑን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውበታል። ሰው "ደነዘዘኝ" ይላል፤ ውሻ አይልም። ስለዚህ ማሰሪያውን ወጌሻም ይሰረው እኛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጣቶቹን ተመልከቱ። የመካከለኞቹ ሁለት ጣቶች ተጠጋግተው መቆም አለባቸው፤ ጥፍሮቻቸው ከተራራቁ እግሩ አብጧል ማለት ነው። ከቀዘቀዘ፣ ከሸተተ፣ ወይም ውሻው ፋሻውን ያለ ዕረፍት ከነከሰ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሁለተኛው ነገር መታሸት ነው። ትኩስ ስብራት አይታሽም። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ግን ያ የወጌሻ እጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ የደረቀ ጡንቻን አሙቆ ማላላት እሱ ያውቅበታል። እኔ ብጠየቅ በዚያ ጊዜ ወጌሻውን ጥሩት እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዕረፍት ናቸው። በዕረፍት ጊዜ ምን እንደሚበላሽ ግን ስሙ። በከተሞቻችን ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እግሩ የተሰበረ ውሻም ቀኑን ሙሉ ታስሮ "አርፎ" ይውልና ሌሊት ይለቀቃል። ጅብ ሲጮህ ወይም ኮቴ ሲሰማ በሦስት እግሩ አጥር ለአጥር ይበራል። ጠዋት ባለቤቱ "ምንም አላደረገም፣ ተኝቶ ነው የዋለ" ይለናል። የቀኑ ዕረፍት በአንድ ሌሊት ሩጫ ይፈርሳል። ማታም ዝጉበት፤ ማድ ቤት ይሁን፣ የእንጨት ማስቀመጫ ጥግ ይሁን፣ ዘሎ የማይወጣበት ጠባብ ቦታ ይብቃው። ግቢውን ለጥቂት ሳምንት የጎረቤት ውሻ ይጠብቀው።

ወለሉንም እዩት። ሊሾና ሴራሚክ ለደካማ እግር ጠላት ነው። ውሻው አንዴ ተንሸራቶ ከወደቀ እግሩን ማመን ያቆማል። ከሚተኛበት እስከሚበላበት ጆንያ አንጥፉለት። ለመነሣት የሚያቅተውን ውሻ ጋቢ ወይም አሮጌ ነጠላ አጣጥፋችሁ ከኋላ እግሮቹ ፊት በሆዱ ሥር አሳልፉና ከላይ ያዙት። ክብደቱን ሁሉ አትሸከሙለት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ደግፉት፤ ወንድ ከሆነ ብልቱን እንዳይጫነው ተጠንቀቁ።

ከዚያ የእጅ ሥራው ይመጣል። ፋሻ ያልያዘው መገጣጠሚያ ሁሉ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ቀድሞ መንቀሳቀስ አለበት። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ላበጠ ቦታ ቅዝቃዜ ነው የሚሻለው። እብጠቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሙቀት፤ ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሙሉበት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ጭኑ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል አኑሩት። ውሻውን በጎኑ አስተኙ፣ የታመመው እግር ከላይ ይሁን። ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ይዛችሁ በቀስታ አጠፍ፣ በቀስታ ዘርጋ፤ ከጣቶቹ ጀምራችሁ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን፣ ዳሌውን። ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ዞሮ እጃችሁን ካየ ወይም ሰውነቱን ካጠነከረ ወሰኑ እዚያ ነው፤ አልፋችሁ አትሂዱ። በኃይል የሚታጠፍ ጉልበት የበለጠ ይደርቃል።

ይህ ሥራ ውሻን መንካት ይጠይቃል፣ እዚህ ላይ የብዙ ቤት ችግር አለ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ አባት "ዶክተር፣ እኔ ሰጋጅ ሰው ነኝ፣ ይህን እንዴት አደርገዋለሁ?" ብለውኛል። "ሐጂ፣ ሃይማኖቱን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ የምለው ወፍራም ጨርቅ ወይም ፌስታል በእጅ አድርጎ፣ ውሻው ደረቅ ሳለ፣ በልዩ ልብስ መሥራት ይቻላል" አልኳቸው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው በሐዲስ እንዴት እንደተነገረለት ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው፤ እግሩን ያሸውም የልጅ ልጃቸው ሆነ። በክርስቲያኑም ቤት ውሻ ከደጅ አያልፍም፣ የሚዳስሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ምረጡ። እጅ የሚለዋወጥበት ውሻ አይረጋጋም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ጀፎረው።

ውጭ አገር ለውሻ ተሃድሶ የተሠሩ ክሊኒኮች አሉ፤ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከር መሮጫ፣ የጎማ ምንጣፍ፣ ለስላሳ ወለል ያለው አዳራሽ። ዘርፉ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ አለው፤ ሚሊስ፣ ሌቪንና ቴይለር የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። እኛ ያን መሣሪያ ስናይ እንቀና ነበር፣ አሁንም እንቀናለን። ነገር ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት አንዱ ትልቅ ነገር ሰፊ፣ ደልዳላ፣ የማያንሸራትት፣ ለእግር የሚለሰልስ መሬት ነው። ያን የጉራጌ መንደር ከጥንት ጀምሮ በደጁ አለው። በቤቶቹ መካከል የተዘረጋው ሣራማ ጀፎረ ለለቅሶ፣ ለሸንጎ፣ ለበዓል፣ ለልጆች ጨዋታ የተጠበቀ የጋራ ሜዳ ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ለደካማ ውሻ እግር ከዚያ የተሻለ መሬት አላውቅም። ሣሩ ጥፍሩን ይይዝለታል፣ አፈሩ ምቱን ይቀንስለታል፣ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ከሌላ ውሻ ጋር ሳይላተም ይዞራል። ከተማ እየሰፋ ጀፎረው ዳር ዳሩን ሲቆረስ ሳይ ለከብቱና ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለዚህም አዝናለሁ።

በጀፎረ ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው፦ ዝግታ። ውሻ ሲሮጥ ሦስት እግር ይበቃዋል። ሶምሶማ ሲሄድም የታመመውን እግር አንጠልጥሎ ሊያልፍ ይችላል። በጣም በዝግታ ሲራመድ ግን ሚዛኑን ለመጠበቅ አራተኛውን ማውረድ ግድ ይሆንበታል። ልጆች ውሻውን "እናጠንክረው" ብለው ሲያስሮጡት የምንደነግጠው ለዚህ ነው። አንዲት እናት ወልቂጤ ዳር ካለ መንደር መጥተው "ዶክተር፣ እኔ አሮጊት ነኝ፣ ውሻ ማስሮጥ አልችልም" አሉኝ። "እማማ፣ እኔ የምፈልገው የማይሮጥ ሰው ነው" አልኳቸው። በበትራቸው እየተደገፉ፣ ውሻውን በአጭር ገመድ ይዘው፣ ጠዋት ከብቱ ሳይወጣ ጀፎረውን ያዞሩት ነበር። ከዚያ የተሻለ ባለሙያ አይገኝም።

በ5 ደቂቃ ጀምሩ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። በማግስቱ ካልባሰበት፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። በማግስቱ ይበልጥ ካነከሰ ወደ ቀድሞው መልሱት። ጡንቻ እንደ ዕቁብ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ የሚጥል ሰው ዕጣው ይደርሰዋል፣ አንድ እሁድ ሁሉንም አምጥቶ መክፈል አይቻልም። ገመዱ አንገት ላይ ብቻ ከሚሆን ደረቱን አቅፎ የሚይዝ ሰፊ ጨርቅ ይሻላል፤ ቃጫ ባዶውን ቆዳ ይልጣል።

በከተማው መሃል ለምትኖሩ ጀፎረ ባይኖርም የትምህርት ቤት ሜዳ አለ፣ የኳስ ሜዳ አለ። ኮብልስቶኑን ለኋላ አቆዩት፤ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ክፍተቱም ደካማ ጣት ይይዛል። እግሩ ሲጠነክር ግን ያ ወጣ ገባነቱ ውሻው የት እንደሚረግጥ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ውሻው በዝግታ ሲራመድ አራቱንም እግሮች ማሳረፍ ከጀመረ፣ አጥንቱም መጽናቱን ባለሙያ ካረጋገጠ፣ ጡንቻ የሚገነባው ሥራ ይከተላል። ቁጭ ብድግ የመጀመሪያው ነው። የታመመው እግር ግድግዳ በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ አስጠጉት፤ ግድግዳው እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ እንዳይቀመጥ ይከለክለዋል። ቁራሽ አይብ አሳዩት፣ ቁጭ ይበል፣ ይነሣ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይበቃል። ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ዘንጎችን መሬት ላይ አጋድሙ፣ በመካከላቸው የውሻው ቁመት ያህል ርቀት ይኑር፣ በዝግታ እየተሻገረ ይለፍ፤ እግሩን ማጠፍና ማንሣት የሚማረው በዚህ ነው። ዳገት ደግሞ የኋላ እግርን ያሠራል። ቡታጅራ ለዚህ ታድላለች፤ ከከተማው ወደ ዘቢዳር ተራራ በኩል ፊታችሁን ስታዞሩ መሬቱ ቀስ እያለ ይነሣል። ለስላሳውን መጀመሪያ ምረጡ፣ ቁልቁለቱን አታስሩጡ። የፊት እግሩ ለተጎዳ ውሻ ቁልቁለት ክብደቱን ወደዚያው ስለሚያዞር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክረምት ጭቃ ይህን ሁሉ ተዉት፤ በደረቅ ቦታ ቁጭ ብድጉ ይበቃል።

ስለ ውሃ ሁሌም እጠየቃለሁ። እውነት ነው፣ ውሃ ክብደት ያነሣል። ውሻ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሮቹ የሚሸከሙት ከክብደቱ 91 በመቶ ያህሉን ነው፣ እስከ ጉልበቱ 85፣ እስከ ዳሌው ሲደርስ ግን ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ጅረት ብዙ አይረዳም፣ የሚረዳው ጥልቀት ደግሞ ወንዝ ላይ አደገኛ ነው። ዋቤ በአንድ ዝናብ ይሞላል፣ ደካማ ውሻና የሚመራውን ልጅ አብሮ ይወስዳል። ዝግ ብሎ በሚፈስ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖር ስለሚችል ልጁም መግባት የለበትም። ወደ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ስለመውሰድ የሚያስብ ካለ ደግሞ ቁልቁለቱን ያስታውስ። ጀፎረው ይበቃችኋል።

ምግቡ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ድካም ከንቱ ይሆናል። የእኛ ውሻ የሚበላው የተረፈውን ነው፤ ቆጮ፣ እንጀራ፣ የወጥ ትራፊ። ቆጮ ለሰውነት ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጡንቻ ከቆጮ አይሠራም። ሰውየው በየቀኑ ውሻውን እያራመደ ቆጮ ብቻ የሚያበላው ከሆነ ያለ እንጨት ቤት እያሠራ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሚጥሚጣ ያልነካው አይብ፣ ተቀቅሎ የተከተፈ ርካሽ ሥጋ፣ ሌላው ቢጠፋ ያለ ቅመም የበሰለ ምስር ከቆጮው ጋር ደባልቁለት። ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ደሙ ያነሰ ውሻ ደግሞ ጡንቻ አያበቅልም። በመስቀል ሰሞን ከታረደው ከብት ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ የሚወረወርበትን ልማድም ልንተወው ይገባል። ውሃ የቋጠረው ሳንባ ውሻ ላይ የሚያድግ የኮሶ ትል ዓይነት ዘር ይይዛል፤ ውሻው ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ልጆች ይተላለፋል። ቀቅሉት፣ ወይም ቅበሩት። የክትፎ ቅቤ ትራፊም ቆሽቱን ሊያሳምመው ስለሚችል ይቅርበት። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

መድኃኒትን በአጭሩ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ከሰው መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ለውሻ አትስጡ። ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ መጠኑ በክብደቱ ይሰላል፣ ባለሙያ ይዘዘው። ሕመም ያለበት ውሻ እግሩን አያሳርፍም፣ ስለዚህ ማስታገሻ የተሃድሶው አካል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳይመታ፣ ሳይወድቅ በድንገት እግሩ የደከመ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረከረክ ውሻ ካጋጠማችሁ አትዳስሱት። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፣ ሲጀምርም ሽባ በማድረግ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ከሩቅ ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጤነኛ ውሻም ቢሆን ሲያመው ይነክሳል፤ አፉን በፋሻ ሳታስሩ የተሰበረ እግር አትንኩ፣ ክትባቱንም አስከትቡት።

በቤታችሁ የምታደርጉት አንድ ፈተናም አለ። ውሻው ቆሞ ሳለ የታመመውን እግር ጣቶች አጥፋችሁ በጀርባቸው መሬት ላይ አኑሩ። ጤነኛ ነርቭ ያለው ውሻ ወዲያው ያስተካክለዋል። ታጥፎ ከቀረ፣ ወይም የጣቶቹ ጀርባ እየተላጠ ከሆነ፣ ጉዳዩ የጡንቻ ብቻ አይደለም፣ ነርቭ ተነክቷል፤ በእግር ጉዞ አይመለስምና ይዛችሁት ኑ። እኛ ከአቅማችን በላይ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ቢሾፍቱ ድረስ እንልካለን፤ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ወጪ አለው፣ ግን ልጆቻችን የሚማሩበት ቦታ ነውና ለውሻም በሩ ይንኳኳ።

"ለውሻ ይህ ሁሉ?" የሚል ሰው አለ፣ አልቆጣውም። ቡታጅራ ግን የተሃድሶን ነገር የምታውቅ ከተማ ናት፤ ግራርቤት ተሃድሶ ማኅበር እዚያው ሆኖ ከዓይነ ስውራንና ከአካል ጉዳተኞች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የሰው ጡንቻና የውሻ ጡንቻ የሚከሳበትም የሚመለስበትም መንገድ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ውሾች በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። እንቅስቃሴ የተከለከሉት ከ6 ወር በኋላም የታመመው እግራቸው የሚሸከመው ክብደት ከጤነኛው ያነሰ ነበር፤ ተሃድሶ ያገኙት ግን በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል ልዩነት አልታየባቸውም። ቀዶ ሕክምናው ለሁለቱም ተደርጎላቸዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

አንካሳ ሆኖ ለቀረ ውሻ ሌላም አደጋ አለ፤ በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱበት ዘመቻ እንዳለ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ የሚያነክስ፣ የከሳ፣ አንገቱ ላይ ምንም የሌለው ውሻ መጀመሪያ የሚቆጠረው ከእነሱ ጋር ነው። የእናንተ ከሆነ አንገቱ ላይ የሚታይ ነገር እሰሩለት፣ ብቻውንም አትልቀቁት።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያው አንድ ሰው፣ ውሻው በአራቱም እግሩ ቆሞ ሳለ፣ ሁለቱንም ጭኖች በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ዙሪያቸውን ይለካ። ሜትሩን አታጥብቁ። ቁጥሩን በደብተር ጻፉ፤ የቀኝ ይህን ያህል፣ የግራ ይህን ያህል። ወደ ክሊኒክ ስትመለሱ ያን ደብተር ይዛችሁ ኑና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልን። ስለ አጥንቱ ብቻ ተናግረን ልንሸኛችሁ ስንነሣ፣ "ጡንቻውስ?" ብላችሁ ጠይቁን።